የሚጮኸውና የማይጮኸው፦ ውድ የብረት መፈለጊያ መግዛት ያዋጣል?

ዘንድሮ በስብሰባዎቻችን ላይ ደጋግሞ የተነሳ አንድ ጥያቄ አለ። የተወሰንን ልጆች ገንዘብ አዋጥተን የብረት መፈለጊያ መሣሪያ፣ በዕብራይስጡ «ጋላይ ማታኾት» የሚባለውን፣ እንግዛ ወይስ ይቅርብን? የተመረጠው መሣሪያ ዋጋው ወደ 4,000 ሸቀል ይጠጋል። ይህ ለእኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ አብዛኞቻችን ከትምህርት በኋላ ሱፐር ውስጥ ዕቃ እየደረደርን የምናጠራቅመው ነው። ወላጆችም ወሬውን ሲሰሙ ሁለት ነገር ጠየቁን፦ ሕጉ ይፈቅዳል ወይ? ደግሞስ ምን ልታገኙበት ነው? እኛም ለሁለቱም መልስ ስንፈልግ የዋጋ ዝርዝር ከማገላበጥ ይልቅ ታሪክ ማንበብ ይሻላል ብለን ጀመርን።

መሣሪያው መጀመሪያ የታሰበው ሀብት ለመፈለግ አልነበረም። በ1881 (ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ አገር በምንጠቀምበት አቆጣጠር ነው የጻፍነው) የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጀምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመቱ። ጥይቱ ከሰውነታቸው አልወጣም፤ ሐኪሞቹም የት እንደተቀመጠ ማወቅ አልቻሉም። በስልክ ሥራው ስሙ የታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በኤሌክትሪክ ኃይል ጥይቱን የሚጠቁም መሣሪያ ሠርቶ መጣ። ሲሞከር ደህና ይሠራ የነበረው መሣሪያ ፕሬዚዳንቱ አልጋ አጠገብ ሲደርስ ግን ግራ የሚያጋባ ድምፅ ያሰማ ጀመር። አንደኛ፣ ፍራሹ ውስጥ የብረት ሽቦ ነበር። ሁለተኛ፣ ዋናው ሐኪም ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው ብለው ስለደመደሙ ቤል በዚያ በኩል ብቻ እንዲፈልግ ነው የፈቀዱለት። ጥይቱ ያለው በግራ ነበር። ጋርፊልድ ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ሞቱ። ዛሬም የተሳሳተ ቦታ ላይ የሚፈልግ ሰው መሣሪያው የቱንም ያህል ምርጥ ቢሆን የሚያገኘው የአልጋውን ሽቦ ነው።

በ1930ዎቹ ካሊፎርኒያ ይኖር የነበረ ጌርሃርድ ፊሸር የሚባል ጀርመን ተወላጅ መሐንዲስ በእጅ የሚያዝ የብረት መፈለጊያ ሠርቶ መሸጥ ጀመረ። መሣሪያው በብዛት የተሠራው ግን በጦርነት ምክንያት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስኮትላንድ ውስጥ የነበረ ዩዜፍ ኮሳትስኪ የተባለ የፖላንድ መኮንን ወታደር ተሸክሞት የሚሄድ የፈንጂ መፈለጊያ ፈጠረ፤ የፈጠራ መብቱንም አልሸጠም፣ ለእንግሊዝ ጦር በነጻ ሰጠ። በ1942 ኤል አላሜይን ላይ የእንግሊዝ ወታደሮች በጀርመን የፈንጂ መስክ ውስጥ መንገድ የከፈቱት በዚህ መሣሪያ ነው። ኤል አላሜይን ግብፅ ውስጥ ነው፤ ያ ውጊያ በሌላ መልኩ አልቆ ቢሆን ኖሮ ጦሩ ወደዚህ ወደ እስራኤል ምድር ይመጣ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የተረፉት መሣሪያዎች በርካሽ ተሸጡ፤ ሰዎችም ቅዳሜና እሑድ እርሻ ውስጥ ሳንቲም ይፈልጉባቸው ጀመር። የትርፍ ጊዜ ሥራው የተስፋፋው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። የሁሉም መሣሪያዎች አሠራር በመሠረቱ አንድ ነው። ታች ያለው ክብ መጠምጠሚያ የመግነጢስ መስክ ወደ መሬት ይልካል፤ እዚያ ብረት፣ መዳብ፣ ብር ወይም ወርቅ ካለ በውስጡ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል፤ እሱም መልሶ የራሱን መስክ ይልካል፤ መሣሪያው ይጮኻል። ኃይሉ ሲሄድም ሲመለስም እየደከመ ስለሚመጣ፣ ዋጋው አምስት እጥፍ የሆነ መሣሪያ አምስት እጥፍ ጥልቀት አያወርድም። የሳንቲም ያህል ትንሽ ነገር ከሆነ ርካሹም ውዱም የሚያገኙት ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው። ታዲያ ተጨማሪው ገንዘብ ምን ይገዛል? ቀላል ክብደት፣ ውኃ የማያስገባ አካል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በብዙ ድግግሞሽ በአንድ ጊዜ የመሥራት ችሎታ። ይህ የመጨረሻው እርጥብ የባሕር አሸዋ ላይ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም ጨዋማ ውኃ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ርካሹን መሣሪያ ያለ ምክንያት ያስጮኸዋል። በደረቅ አሸዋና በሜዳ ላይ ግን ልዩነቱ ሻጮቹ እንደሚያወሩት አይደለም።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ሻጮቹ ጮክ ብለው አይናገሩትም። መሣሪያው «ይህ ቆሻሻ ነው፣ ይህ ጥሩ ነው» ብሎ እንዲለይ ማድረግ ይቻላል ይባላል። ነገር ግን ቀጭን የወርቅ ቀለበትና የቸኮሌት መጠቅለያ ፎይል ለመሣሪያው በጣም ይቀራረባሉ። ፎይሉ እንዳይጮኽ ካደረግከው ቀለበቱንም ዝም ታሰኘዋለህ። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ሁሉንም ይቆፍራል፤ ከሚያወጣው አብዛኛው የጠርሙስ ክዳን፣ ምስማርና የጣሳ ቀለበት ነው። ፔታሕ ቲክቫ በ1878 የተቆረቆረች፣ ለብዙ ጊዜ በብርቱካን እርሻዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ የሰፈራችን የሃዳር ጋኒም ስምም «ፕሪ ሃዳር» የሚባሉትን እነ ብርቱካንንና ሎሚን ያስታውሰናል። እንዲህ ያለ መሬት የውኃ ቧንቧ ቁርጥራጭ፣ የሣጥን ምስማርና ሽቦ አያጣም። እዚህ ሰፈር መሣሪያውን ብናበራው ጩኸት እንደማያጥረን እርግጠኞች ነን።

ብዙዎቻችንን ያጓጓው የእንግሊዝ አገር ወሬ ነው፤ ወሬውም እውነት ነው። በ1992 ሆክስን በምትባል መንደር አንድ ገበሬ መዶሻው እርሻ ውስጥ ጠፋበት። ጓደኛው ኤሪክ ሎውስ ጡረታ ሲወጣ በስጦታ ያገኘውን የብረት መፈለጊያ ይዞ መዶሻውን ፍለጋ ወጣ፤ ወደ 15,000 የሚጠጉ የሮማውያን ሳንቲሞችና የወርቅ ጌጦች ላይ ደረሰ። እኛን የገረመን ያገኘው ብዛት አይደለም። ሎውስ ጥቂት እንዳወጣ ቆፋሮውን አቁሞ ባለሥልጣናትን መጥራቱ ነው የገረመን። በማግስቱ አርኪዮሎጂስቶች መጥተው ሲቆፍሩ ዕቃው በእንጨት ሣጥን ውስጥ በምን ዓይነት ሥርዓት ተደርድሮ እንደተቀበረ አዩ፤ የሣጥኑም ሆነ የጨርቁ ቅሪት ተመዘገበ። ሁለቱ ጓደኛሞች 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ አገኙ። መዶሻውም ተገኝቷል፤ ዛሬ ከወርቁ ጋር በብሪቲሽ ሙዚየም አለ። በ2009 ደግሞ ቴሪ ኸርበርት የተባለ ሰው ስታፈርድሸር ውስጥ ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ የአንግሎ ሳክሶን ወርቅ አገኘ፤ ግምቱ 3.285 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነና ከመሬቱ ባለቤት ጋር ተካፈሉት። መሣሪያውን የገዛው ከዓመታት በፊት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ነበር፤ በ2 ፓውንድ ከ50። እንግዲህ «ውድ ካልሆነ አይሠራም» ለሚሉን ጓደኞቻችን ይቺን እንተውላቸው።

እዚህ ግን እንግሊዝ አይደለም። በእንግሊዝ በ1996 የወጣው ሕግ ሀብቱን ላገኘና ለመሬቱ ባለቤት ካሳ ይሰጣል። በእስራኤል የ1978ቱ የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ ሌላ መንገድ መረጠ። በሕጉ መሠረት ከ1700 በፊት በሰው እጅ የተሠራ ነገር ጥንታዊ ቅርስ ነው፤ ሕጉ ከወጣ በኋላ የተገኘ ቅርስ ሁሉ የመንግሥት ንብረት ነው፤ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ለርሹት ሃአቲኮት፣ ለቅርስ ባለሥልጣኑ፣ ማሳወቅ አለበት። ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግ ክልክል ነው፤ ሕጉ ደግሞ የብረት መፈለጊያን በስሙ ጠርቶ ነው የከለከለው። ይህ በወረቀት ብቻ የቀረ ነገር አይደለም፤ ባለሥልጣኑ ቅርስ ዘራፊዎችን የሚከታተል ክፍል አለው፤ ጥፋቱም እስከ እስር ያደርሳል። ጻቫ ሊገባ የተዘጋጀ ልጅ በዚህ ምክንያት የፖሊስ መዝገብ ቢከፈትበት ምን እንደሚያጣ ለወላጆች መንገር አያስፈልገንም።

ታዲያ በዚህ አገር ትልልቆቹን ግኝቶች ያገኘ ማን ነው? በ2015 መጀመሪያ ቄሳርያ ባሕር ውስጥ የሚዋኙ ጠላቂዎች የሚያብረቀርቅ ነገር አዩ፤ በመጀመሪያ የልጆች መጫወቻ ሳንቲም መስሏቸው ነበር። ወርቅ መሆኑን ሲረዱ ሪፖርት አደረጉ። የባለሥልጣኑ ጠላቂዎች ከነሱ ጋር ተመልሰው፣ አዎ፣ በብረት መፈለጊያ ፈለጉና ወደ 2,000 የሚጠጉ የፋጢማውያን ዘመን የወርቅ ሳንቲሞች አወጡ። መሣሪያው ሠርቷል፤ ግን በባለሙያ እጅ፣ በፈቃድ፣ ቦታው እየተመዘገበ። በ2020 ነሐሴ ወር ደግሞ ያቭኔ አካባቢ በቁፋሮ የሚያግዙ፣ ጻቫ ከመግባታቸው በፊት የነበሩ ወጣቶች አንድ የሸክላ ማሰሮ አገኙ፤ ውስጡ 425 የወርቅ ሳንቲም ነበረ፣ 845 ግራም ንጹሕ ወርቅ፣ ዕድሜው ወደ 1,100 ዓመት። የእኛ እኩዮች ናቸው። የያዙት መሣሪያ አካፋና መጥረጊያ ነበር።

አሁን ደግሞ ከደጃችን እንነሳ። በፔታሕ ቲክቫ ጫፍ፣ ያርኮን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ቴል አፌክ አለ። ሽርሽር ስንሄድ የምናየው ትልቁ ምሽግ ቱርኮች በ16ኛው መቶ ዓመት የሠሩት ነው። በሥሩ ግን ሄሮድስ የሠራት አንቲፓትሪስ፣ ከዚያም በታች የከነዓናውያንና የግብፅ ገዢዎች ዘመን ከተማ ተኝቷል። ከ1972 ጀምሮ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ሞሼ ኮኻቪ ቦታውን ለዓመታት ቆፈሩ። በእሳት በወደመ የግብፅ ገዢ ቤት ውስጥ ከተገኙት ነገሮች አንዱ ደብዳቤ ነው። ዛሬ ሶርያ ከሚባለው አገር፣ ከኡጋሪት፣ ታኩሕሊና የተባለ ሹም ለግብፃዊው ባለሥልጣን ለሐያ የጻፈው፣ ስለ ስንዴ ጉዳይ የሚያወራ፣ ከ3,200 ዓመት በላይ የሆነው። በዚያ ዘመን ማን ከማን ጋር ይነግድ እንደነበር፣ ከተማዋም በየትኛው ዘመን እንደተቃጠለች ለማወቅ ረድቷል። የተጻፈው በጭቃ ሰሌዳ ላይ ነው። የአምስት ሺህ ዶላር መሣሪያ በላዩ ላይ ብናሳልፍ አንዲት ድምፅ አያሰማም።

ከዚያ ትንሽ ወደ ምሥራቅ፣ ከሮሽ ሃዓይን በላይ ባለው ኮረብታ፣ ዒዝቤት ጻርታ አለች። በ1976 እዚያ ከነበረ የእህል ጉድጓድ ሁለት የሸክላ ስባሪ ወጣ፤ ሲገጣጠም ሰማንያ ገደማ ፊደላት ተጭረውበታል፤ የመጨረሻው መስመር ፊደል በተራ የተዘረዘረበት ነው። ዕድሜው ሦስት ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ፊደል የሚማር ሰው ልምምድ ነው ይላሉ፤ እንደ ተማሪም አንዳንዱ ፊደል ቦታው ተዛንፎበታል። ወላጆቻችን ቄሱ ፊት ቁጭ ብለው ፊደል ሲቆጥሩ ያስቡት። የግዕዝ ፊደልም የዚያው ትልቅ የሴማውያን ፊደላት ቤተሰብ ዘመድ ነውና ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ይህም ቢሆን ሸክላ ነው፤ አይጮኽም። ከቤታችን አቅራቢያ ያሉት ሁለቱ ትልልቅ ግኝቶች ለብረት መፈለጊያ የሉም ማለት ነው። ይባስ ብሎ ሳንቲም ሲፈልግ የሚቆፍር ሰው እንዲህ ያለውን ስባሪ በአካፋው ጫፍ ወዲያ ወርውሮት ይሄዳል።

አንዳንዶቻችን ደግሞ «እዚህ ካልተቻለ ለጉብኝት ኢትዮጵያ ስንሄድ እንውሰደው» ብለን ነበር። ወላጆችም የተቀበረ ማርትሬዛ ብር ወሬ ያውቃሉ፤ ብሩን በማሰሮ አድርጎ መሬት ውስጥ ያስቀመጠ ሰው፣ ሳይናገር የሞተ። ማርትሬዛ 28 ግራም ያህል የሚመዝን የብር ሳንቲም ነው፤ የትኛውም መሣሪያ ያገኘዋል። (በእስራኤል ሕግ ቢሆን 1780 የሚል ቀን ስላለበት ጥንታዊ ቅርስ እንኳ አይባልም።) ኢትዮጵያም ግን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/2000 አላት፤ ቅርስ ፍለጋ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በአጋጣሚ ያገኘም ማሳወቅ አለበት። ጦርነት ባለፈበት መሬት ላይ ደግሞ የጮኸው ነገር ማርትሬዛ ይሁን ያልፈነዳ ጥይት ከላይ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ኮሳትስኪ መሣሪያውን የሠራው ለዚሁ አልነበር?

የኢትዮጵያ ነገር ከተነሳ የአክሱም ሳንቲሞችን ማለፍ አንችልም። አክሱም ከሦስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የራሷን የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ሳንቲም ታትም ነበር፤ መጀመሪያ ያሳተመው ንጉሥ ኤንዱቢስ ነው። በአንዳንዶቹ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ላይ ከንጉሡ ራስ ጀርባ ወይም ከመስቀሉ መሐል ስስ ወርቅ ተለጥፎባቸዋል፤ በዘመኑ ሌላ ቦታ ያልተለመደ ሥራ ነው። ከነዚህ ትንንሽ የመዳብ ሳንቲሞች ኢየሩሳሌም ውስጥ ተገኝተዋል። ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ከመጡ ተሳላሚዎች ጋር ያያይዙአቸዋል። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሰው ከ1,400 ዓመት በፊት ገደማ ከአክሱም ምድር ተነስቶ ኢየሩሳሌም ደረሰ፣ ሳንቲሙ ጠፋበት። ይህን የምናውቀው ሳንቲሙ የተገኘበት ቦታ ስለተጻፈ ብቻ ነው። ያው ሳንቲም በአንድ ሰው ኪስ ገብቶ፣ ከዚያ ገበያ ወጥቶ ቢሆን «የአክሱም ሳንቲም፣ የተገኘበት አይታወቅም» ከመባል አያልፍም ነበር፤ መንገደኛውም አብሮ ይጠፋ ነበር። እኛ፣ ከኢትዮጵያ ወደ ኢየሩሳሌም የመጣን ሰዎች ልጆች፣ እንዲህ ያለውን ወረቀት በገዛ እጃችን ቀድደን ለመጣል 4,000 ሸቀል እንክፈል?

ስለዚህ ውሳኔያችን ይህ ነው። ውዱን መሣሪያ አንገዛም። የትርፍ ጊዜ ሥራውን የሚወድ ልጅ ካለ አናናንቀውም፤ በ600 ወይም በ700 ሸቀል ያገለገለ መሣሪያ ገዝቶ፣ በቀላል ባቡሩ ቀይ መስመር ባት ያም ወርዶ፣ ሰው ከሄደ በኋላ ደረቁ አሸዋ ላይ የጠፋ ቀለበትና ሳንቲም መፈለግ ይችላል። ቦታው የቅርስ ቦታ አለመሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ ቄሳርያ፣ አሽቀሎንና ያፎ ለዚህ አይሆኑም። ጉድጓዱን ይድፈን፤ ፈንጂ የመሰለ ነገር ካየ ሳይነካ ፖሊስ ይጥራ። ቀለበት ካገኘም ነገሩ አላበቃም፤ በ1973ቱ የጠፋ ንብረት መመለስ ሕግ ለባለቤቱ መመለስ ወይም ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ በአራት ወር ውስጥ ባለቤቱ ካልተገኘ ለአግኚው ይሆናል። ሕጉ ባይኖርም ኦሪት ይህን ቀድሞ አዝዟል፤ አባቶቻችን የሌላ ሰው በሬ ግቢያቸው ከገባ የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር። በየሳምንቱ እርጥብ አሸዋ ላይ የሚሠራ፣ ዓመት ሙሉ ሳይሰለች የቆየ ሰው ውኃ የማያስገባውን መካከለኛ መሣሪያ ቢገዛ ገንዘቡ ጠፋ አንልም። ከዚያ በላይ ካለው ግን አንዳንዱ ለወርቅ ማዕድን ፈላጊ የተሠራ ነው። ታሪክ መቆፈር የሚፈልግ ልጅ ደግሞ ለባለሥልጣኑ ቁፋሮ በበጎ ፈቃድ ይመዝገብ፤ የያቭኔ ልጆች እንደዚያ ነው የገቡት።

አንድ የቀረን ነገር አለ፤ ወደ ወላጆች ነው። ስለ ብረት ይህን ያህል ስናወራ የብረት ሰዎች ልጆች መሆናችንን ረስተነው ነበር ማለት ይቻላል። ቤተ እስራኤል ጎንደር አካባቢ፣ ወለቃንም በመሳሰሉ መንደሮች፣ በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ይኖሩ ነበር። አባቶች ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ይቀጠቅጣሉ፤ እናቶች ጀበናና ድስት ይሠራሉ። ጎረቤቱ ያለ እነሱ ማረሻ አያርስም፤ ዞር ሲል ግን «ቡዳ» ይላቸው ነበር። በዚህ ምክንያት ሥራው በአንዳንድ ቤት ዛሬም በዝቅታ ነው የሚነሳው። የቀጥቃጭ ግቢ የነበረ ቦታ በብረት ዝቃጭና በቀጥቀጣ ፍርፋሪ ይታወቃል፤ በማግኔት እንኳ ይለቀማል። ባር ክሪቡስና ሌሎች ተመራማሪዎችም የቤተ እስራኤል መነኮሳት ይኖሩባቸው የነበሩ ቦታዎችን እዚያው ድረስ ሄደው አጥንተዋል፤ ቦታዎቹን ለማግኘት ከረዱአቸው ነገሮች አንዱ የሽማግሌዎች ትዝታ ነው። ይህ ትዝታ ፔታሕ ቲክቫ ውስጥ፣ በእኛው ፎቅ ቤቶች ሳሎን ቁጭ ብሏል።

ስለዚህ ለመሣሪያው ከታሰበው ገንዘብ ጥቂቱን ለድምፅ መቅጃና ለደብተር፣ የቀረውን ወላጆችና ልጆች አብረን ቴል አፌክ ለምንሄድበት አውቶቡስ እናድርገው ብለናል። ጉጠት፣ መዶሻ፣ መስፍ ወይም ወናፍ የሚያውቅ፣ ከአባቱ ጋር ወናፍ የነፋ ሰው ቤታችሁ ካለ ንገሩን። ከዕቃው አንዱን ይዞ የመጣ ቤተሰብ ካለ ፎቶ እናነሳለን፤ አንወስድም። ዕቃው ባይኖርም ግድ የለም፤ የመንደሩን ስም፣ ማን ከማን እንደተማረ፣ አንድ ማረሻ በስንት እህል ይለወጥ እንደነበር ብቻ ብትነግሩን እንጽፋለን። እሑድ ማታ ከስብሰባችን በፊት ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ይሆናል።